መጣበቂያውን፣ የእድገት ተቀባዩን ወይስ መሃላቸውን እንምታ? ዒላማ ለሚመርጡ የተዘጋጀ ንጽጽር

በካንሰር ወይም በፋይብሮሲስ (አካል ውስጥ ጠባሳ የሚከማችበት በሽታ) ላይ ምርምር የሚጀምር ሰው ቶሎ የሚገጥመው አጣብቂኝ አለ። ሴሉ ዙሪያውን ጨብጦ የሚቆምበትን ተቀባይ ላግድ? «እደግ፣ ተባዛ» የሚለውን መልእክት የሚሰማበትን ተቀባይ ላግድ? ወይስ ሁለቱ ሴሉ ውስጥ የሚገናኙበትን ፕሮቲን? ለሦስቱም የሚያሳምን ጽሑፍ አለ። ለሦስቱም የዳነ አይጥ አለ። ሰው ላይ ሲደርስ ያልሠራ ወይም ከተጠበቀው በታች የሠራ መድኃኒትም ለሦስቱም አለ። ይሄኛውን ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

ይህን የምጽፈው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለጀማሪ ተመራማሪዎችና የጥናት ገንዘብ የት እንደሚውል ለሚወስኑ ሰዎች ነው። ታካሚ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ የያዛችሁትን መድኃኒት ከዚህ ተነስታችሁ እንዳትቀይሩ፤ እሱ ከሐኪማችሁ ጋር የሚወሰን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

ኢንቴግሪኖች ሴልን በዙሪያው ካለው የፕሮቲን መረብ፣ ማለትም ከማትሪክሱ ጋር የሚያያይዙ ተቀባዮች ናቸው። ሰው 18 አልፋና 8 ቤታ ክፍሎች አሉት፤ እነሱ እየተጣመሩ 24 ዓይነት ኢንቴግሪን ይሠራሉ። አንዱ ኮላጅን ይይዛል፣ ሌላው ፋይብሮኔክቲን፣ ሌላው ላሚኒን። የእድገት ተቀባዮች ደግሞ እንደ ኢጂኤፍ (ሴል እንዲባዛ የሚያዝ) እና ቪኢጂኤፍ (የደም ሥር እንዲያድግ የሚያዝ) ያሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ተቀብለው ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ።

መማሪያ መጽሐፍ ላይ ሁለቱ በተለያየ ምዕራፍ ነው የሚቀመጡት። ሴሉ ግን አይለያቸውም። ጤነኛ ሴል የእድገት መልእክት ቢደርሰውም የሚቆምበት ከሌለው አይባዛም፤ እንዲያውም ራሱን ያጠፋል። ይህ አሟሟት በ1994 አኖይኪስ የሚል ስም ወጣለት። በ1998 ደግሞ ሴሎች ማትሪክስ ላይ በማረፋቸው ብቻ፣ ጠብታ ኢጂኤፍ ሳይጨመርላቸው፣ የኢጂኤፍ ተቀባያቸው ሲነቃ ታየ። በቀጣዩ ዓመት ዋናው የቪኢጂኤፍ ተቀባይና አልፋ-ቪ ቤታ-3 የተባለው ኢንቴግሪን የደም ሥር ሴል ላይ አብረው እንደሚሠሩ ታወቀ።

እንግዲህ መገናኛቸው አንድ ቦታ አይደለም። ከሴሉ ውጪ ይገናኛሉ፤ ኢንቴግሪኑ ታሽጎ የተቀመጠ መልእክተኛ ፈትቶ ይለቃል። ሽፋኑ ላይ ይገናኛሉ፤ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሌላውን ያነቃል። ውስጥ ይገናኛሉ፤ የሁለቱም መልእክት ፋክና ሳርክ በተባሉ ካይኔዞች (ፎስፌት እየጨመሩ መልእክት የሚያሳልፉ ፕሮቲኖች) በኩል ያልፋል። አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሁለቱም ተቀባዮች ወደ ሴሉ ውስጥ ተውጠው ተመልሰው ወደ ሽፋኑ የሚወጡበት መንገድ የጋራ ሊሆን ይችላል።

እኔ እዚህ መመሪያ ውስጥ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው። «የቱ ዒላማ ይሻላል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «በእኔ በሽታ ሁለቱ የሚገናኙት የት ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። መልሱ ሲታወቅ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

## ከማነጻጸራችን በፊት መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው አሁን ያልኩት ነው፦ መገናኛ ቦታው።

ሁለተኛው፣ ዒላማው ሲታገድ ማን ይተካዋል? ኢንቴግሪኖች ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ሲጠፋ ዘመዱ ቦታውን ይይዛል። የእድገት ተቀባዮችም እንደዚያው ናቸው። ይህን ሳይጠይቁ የተጀመሩ ጥናቶች መሃል ላይ ግራ የሚያጋባ ውጤት ያመጣሉ።

ሦስተኛው፣ ጤነኛው አካል ምን ያጣል? በሽታው የሚጠቀምበትን መንገድ ሳንባም፣ ቆዳም፣ ነጭ የደም ሴልም ይጠቀሙበታል።

አራተኛው መለኪያ ነው። እገዳው መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? «ሴሎቹ ቀነሱ» ማለት አይበቃም። መንገዱ በትክክል መዘጋቱን የሚያሳይ ምልክት ያስፈልጋል። አምስተኛው ገንዘብና ጊዜ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

## አማራጭ 1፦ ኢንቴግሪኑን ከውጪ ማገድ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ብዙ ኢንቴግሪኖች ማትሪክሱ ላይ የሚይዙት አርጂዲ የምትባል የሦስት አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል አለች፤ የታወቀችው በ1984 ነው። እሷን የምትመስል ትንሽ ሞለኪውል ወይም ተቀባዩን የሚሸፍን አንቲቦዲ ከሰጣችሁ፣ ሴሉ የሚይዘው ያጣል።

ሰው ላይ የሠሩትን መድኃኒቶች ስታዩ ግን አንድ ነገር ይገርማችኋል። አብዛኞቹ የደም ሴሎችን የሚመለከቱ ናቸው። አብሲክሲማብ፣ ኤፕቲፊባታይድና ታይሮፊባን ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ትናንሽ የደም ሴሎች) እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያደርጋሉ። ናታሊዙማብ ነጭ የደም ሴሎች ወደ አንጎል እንዳይገቡ ያግዳል፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ በ2004 ተፈቀደ። ቬዶሊዙማብ ተመሳሳይ ሥራ አንጀት ላይ ይሠራል፤ በ2014 ተፈቀደ። በእነዚህ በሽታዎች ከኢንቴግሪኑ የሚፈለገው መያዝ ብቻ ነው። መያዙን ስትከለክሉት ነገሩ ያልቃል።

ጠጣር ዕጢ ውስጥ ግን ኢንቴግሪኑ ይናገራልም፣ ያዳምጣልም። ሲለንጊታይድ የተባለው መድኃኒት ታሪክ ይህንን በደንብ ያስተምራል። አልፋ-ቪ ቤታ-3ንና አልፋ-ቪ ቤታ-5ን ያግዳል። ዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል ያደርጋል ተብሎ ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። ግሊዮብላስቶማ በተባለው የአንጎል ካንሰር በተያዙ 545 ሰዎች ላይ ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ተደረገ። ውጤቱ በ2014 ታተመ። ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲጨመር ዕድሜ አላስረዘመም።

ለምን? ፍንጮቹ ቀድመው ነበሩ። በ2002 ቤታ-3ና ቤታ-5 የሌላቸው አይጦች ላይ ዕጢዎች ጭራሽ ብዙ የደም ሥር ሲያበቅሉ ታይቷል። በ2009 ደግሞ እነዚህ አጋጆች በጣም ዝቅ ባለ መጠን ሲሰጡ የደም ሥር እድገቱን እንደሚያበረታቱ ታየ፤ የቪኢጂኤፍ ተቀባይ ተመልሶ ወደ ሽፋኑ የሚወጣበትን መንገድ ይቀይሩታልና። በ2008 የወጣ ሌላ ሥራም አለ። አልፋ-ቪ ቤታ-3 ሲታገድ አልፋ-5 ቤታ-1 የተባለው ዘመዱ ከኢጂኤፍ ተቀባይ ጋር ተያይዞ በፍጥነት ወደ ሽፋኑ ይመለሳል፣ ሴሉም ይበልጥ ወራሪ ይሆናል። አስቡት፤ አንዱን በር ስትዘጉ ሌላው በር የእድገት ተቀባዩን ይዞ ይከፈታል። መድኃኒቱ ደግሞ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ መጠኑ ወርዶ ዝቅተኛ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ለሙከራው ውድቀት ይህ ብቻውን ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርም። ዒላማ የሚመርጥ ሰው ግን ይህን ሳያይ ማለፍ የለበትም።

የጉዳቱንም ነገር ላንሳ። ናታሊዙማብ በ2005 ከገበያ ወጥቶ ነበር። ምክንያቱ ፒኤምኤል የተባለ፣ በጄሲ ቫይረስ የሚመጣ አደገኛ የአንጎል ኢንፌክሽን ነው። በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ። ነጭ የደም ሴል ወደ አንጎል እንዳይገባ ስትከለክሉት፣ እዚያ ቫይረስ የሚጠብቀውንም ከልክላችኋል።

## አማራጭ 2፦ የእድገት ተቀባዩን ማገድ

እዚህ ማስረጃው የደለበ ነው። ትራስቱዙማብ በ1998 ለጡት ካንሰር፣ ቤቫሲዙማብ (ተቀባዩን ሳይሆን መልእክተኛውን ቪኢጂኤፍን የሚይዝ) በ2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቅደዋል። የኢጂኤፍ ተቀባይ አጋጆችም የአንዳንድ ሳንባ ካንሰር ሕክምናን ቀይረዋል። ስለ ውጤታማነታቸው ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ መጣበቅ እዚህ ምን ይበላሻል?

መልሱ መድኃኒት መቋቋም ነው። በ1999 የማየሎማ (የመቅኒ ካንሰር) ሴሎች ፋይብሮኔክቲን ላይ ሲጣበቁ እንደ ዶክሶሩቢሲንና ሜልፋላን ያሉ የኬሞ መድኃኒቶችን መቋቋም እንደሚጀምሩ ታየ። ጂናቸው አልተቀየረም። የተቀየረው የቆሙበት ብቻ ነው። ይሄ አመክንዮ ለእድገት ተቀባይ አጋጆችም ይሠራል። ተቀባዩን ብትዘጉትም ኢንቴግሪኑ በፋክና በሳርክ በኩል «አትሙት» የሚለውን መልእክት ማስተላለፉን ሊቀጥል ይችላል።

ሌላው መታየት ያለበት ከታች ያለው ሚውቴሽን ነው። የአንጀት ካንሰሩ ኬራስ (ከተቀባዩ በታች መልእክቱን የሚያስተላልፍ ፕሮቲን) ላይ ሚውቴሽን ካለው፣ የኢጂኤፍ ተቀባይ አጋጁ ሴቱክሲማብ ለብቻው አይጠቅምም። መልእክቱ ከተቀባዩ በታች ራሱን ችሎ በርቷል፤ ከላይ መዝጋት ትርጉም የለውም። ስለዚህ ይህን አማራጭ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የዕጢውን ጂን ይይ።

## አማራጭ 3፦ መሃሉን መምታት

ፋክ በ1992 የተገለጸ ካይኔዝ ነው። ኢንቴግሪን ሲጣበቅ ፋክ ራሱ ላይ 397ኛው ቦታ ባለች ታይሮሲን በተባለች አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ይጨምራል፤ እዚያች ቦታ ላይ ሳርክ መጥቶ ይቀመጣል። የእድገት ተቀባዮችም ሴል እንዲንቀሳቀስ ሲያደርጉ ይህንኑ ፕሮቲን ይጠቀማሉ። የሁለቱ ወንዞች መገናኛ ነው ማለት ይቻላል።

በወረቀት ላይ ከሁሉም የሚያምረው አማራጭ ይሄ ነው። አንድ ቦታ ትመታላችሁ፣ ሁለቱም ይዳከማሉ። ለመለካትም ይመቻል፤ የታይሮሲን 397 ፎስፌት መቀነሱን በአንቲቦዲ ታያላችሁ። ነገር ግን የፋክ አጋጆች ለብቻቸው ሲሰጡ ዕጢን የማሳነስ አቅማቸው ደካማ ሆኖ ነው የተገኘው። ፒዋይኬ-2 የተባለ ዘመድ አለው፤ እሱ በከፊል ይተካዋል። ፋክ የሌለው የአይጥ ጽንስ ደግሞ በማኅፀን ውስጥ ይሞታል፤ ይህ የሚነግራችሁ ጤነኛ አካልም ምን ያህል እንደሚፈልገው ነው።

ታዲያ ለምን እንያዘው? ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲጣመር ትርጉም ስለሚያገኝ ነው። በግንቦት 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዴፋክቲኒብ የተባለውን የፋክ አጋጅ ከአቩቶሜቲኒብ ጋር አጣምሮ በተፋጠነ መንገድ ፈቀደ። የተፈቀደው ኬራስ ሚውቴሽን ላለው፣ ላገረሸ፣ ቀስ ብሎ ለሚያድግ፣ ሴረስ ለሚባል የማኅፀን እንቁላል ካንሰር ዓይነት ነው። አመክንዮው ግልጽ ነው። አቩቶሜቲኒብ የእድገቱን መስመር ከኬራስ በታች ባሉት ራፍና ሜክ በተባሉ ካይኔዞች ላይ ይዘጋል። ሴሉ ለማምለጥ ፋክን ያነሳል። ሁለተኛው መድኃኒት የማምለጫውን በር ይጠብቃል። እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ለዓመታት በሥዕል ብቻ ይነገር የነበረው የሁለቱ መንገዶች ትስስር ታካሚ ጋ የደረሰበት ምሳሌ ነው።

## አማራጭ 4፦ መልእክተኛው ከእሽጉ እንዳይፈታ ማድረግ

ይሄ የፋይብሮሲስ ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው።

ቲጂኤፍ-ቤታ ጠባሳ እንዲሠራ የሚያዝ መልእክተኛ ነው። ሴሎች የሚለቁት ግን ታሽጎ ነው። እሽጉ ላይ ያቺ አርጂዲ አለች። በ1999 አልፋ-ቪ ቤታ-6 የተባለው ኢንቴግሪን እሽጉን ይዞ መልእክተኛውን እንደሚያነቃ ታወቀ። መፍቻው ጉልበት ነው፤ ሴሉ ከውስጥ ይጎትታል፣ እሽጉ ይከፈታል። ይህ ኢንቴግሪን ጤነኛ ሳንባ ላይ ትንሽ ነው፤ ጉዳት ሲደርስ ግን ይበዛል። ቤታ-6 የሌላቸው አይጦች ብሊዮማይሲን (አይጥ ላይ የሳንባ ጠባሳ ለማምጣት የሚሰጥ መድኃኒት) ሲሰጣቸው ከሳንባ ፋይብሮሲስ ይድናሉ።

ቲጂኤፍ-ቤታን በመላ ሰውነት ከማገድ ይሄ ብልህ መንገድ ይመስላል። ቲጂኤፍ-ቤታ 1 ጭራሽ የሌላቸው አይጦች በብዙ አካላት እብጠት ተይዘው ገና ሳምንታት ሳይገፉ ይሞታሉ። ስለዚህ እዚያው ጉዳቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ መፍቻውን መከልከል ይሻላል ተባለ። ግን ያኔም ማስጠንቀቂያ ነበር። ቤታ-6 የሌላቸው አይጦች ሲያረጁ ኤምፊዚማ (የሳንባ የአየር ከረጢቶች መፍረስ) ይይዛቸዋል፤ ይህ በ2003 ታትሟል። ጥቂት ቲጂኤፍ-ቤታ ለሳንባ ጤና ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሰው ላይ ሲሞከር የሆነው ያሳዝናል። ቢጂ00011 የተባለው የአልፋ-ቪ ቤታ-6 አንቲቦዲ፣ መንስኤው ባልታወቀ የሳንባ ፋይብሮሲስ ላይ ሲሞከር በደኅንነት ሥጋት ቀድሞ ተቋረጠ፤ ዝርዝሩ በ2022 ወጣ። ቤክሶቴግራስት የተባለው፣ አልፋ-ቪ ቤታ-6ንና አልፋ-ቪ ቤታ-1ን የሚያግደው ክኒን፣ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተስፋ ሰጥቶ ነበር። የኋለኛው ትልቅ ሙከራ ግን በ2025 ቆመ። ለዚህ በሽታ አሜሪካ ውስጥ በ2014 የተፈቀዱት ኒንቴዳኒብና ፒርፌኒዶን የሳንባውን መዳከም ያዘገያሉ እንጂ አይመልሱትም። ኒንቴዳኒብ የሚያግደው የእድገት ተቀባዮችን ነው፤ የቪኢጂኤፍን፣ እንዲሁም ኤፍጂኤፍና ፒዲጂኤፍ የተባሉትን ሌሎች የእድገት መልእክተኞች ተቀባዮች።

ይህን ዒላማ ተዉት እያልኩ አይደለም። ግን የምትሠሩት በእሱ ላይ ከሆነ፣ «ፋይብሮሲሱ ቀነሰ ወይ?» የሚለውን ብቻ አትለኩ። «ጤነኛው የሳንባ ክፍል ምን ሆነ?» የሚለውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለኩ። ጥያቄው ያለው እዚያ ነው።

## የማይታገድ ነገር ሲኖር

ኢ-ካድሄሪን ሴልን ከሴል ጋር የሚያያይዝ ሌላ ተቀባይ ነው። በ1998 ኒውዚላንድ ውስጥ በአንድ የማኦሪ ቤተሰብ ላይ በተደረገ ጥናት በዘር የሚተላለፍ የጨጓራ ካንሰር ምክንያት ሆኖ ተገኘ። እዚህ ችግሩ ተቀባዩ መጥፋቱ ነው። የጠፋን ነገር ማገድ አይቻልም። ምርጫችሁ እሱ በሌለበት ልጓም ያጣው የእድገት መስመር ነው፤ ማለትም አማራጭ 2 ወይም 3።

## በአንድ እይታ

| ዒላማ | መገናኛው | ሰው ላይ ያለ ማስረጃ | ዋና ሥጋት | መለኪያ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኢንቴግሪን ከውጪ | ሽፋኑ ላይ፣ መመለሻ መንገዱ ላይ | ደም ሴል ላይ ጠንካራ፣ ዕጢ ላይ ደካማ | ዘመዱ ይተካዋል፤ ዝቅ ባለ መጠን ተቃራኒ ውጤት | መጣበቅ፣ የተቀባይ መመለስ | መካከለኛ |
| የእድገት ተቀባይ | ሽፋኑ ላይ | በጣም ጠንካራ | መድኃኒት መቋቋም | የተቀባዩና የኢአርኬ (ከሜክ በታች ያለ ካይኔዝ) ፎስፌት | ዝቅተኛ |
| ፋክና ሳርክ | ሴሉ ውስጥ | በጥምረት ብቻ | ለብቻ ደካማ | ታይሮሲን 397 | ዝቅተኛ |
| የቲጂኤፍ-ቤታ መፈታት | ከሴሉ ውጪ | እስካሁን አልተሳካም | ጤነኛ ሳንባ | የስማድ (የቲጂኤፍ-ቤታን መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን) ፎስፌት | ከፍተኛ |

## ማን የቱን ይያዝ?

ከሁሉም በፊት ስለ ሳህኑ። ሴሎቻችሁን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ እያሳደጋችሁ የሁለቱን ተቀባዮች ግንኙነት ልታጠኑ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ አንዴ ቆም በሉ። የጡት ካንሰር ተመራማሪዋ ሚና ቢሴልና ባልደረቦቿ በ1997ና በ1998 ያሳተሙት ሥራ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። የጡት ካንሰር ሴሎች በሦስት አቅጣጫ በሚከብባቸው ማትሪክስ ውስጥ ሲያድጉ፣ ቤታ-1 ኢንቴግሪንን ማገድ የኢጂኤፍ ተቀባይንም ያወርዳል፤ የኢጂኤፍ ተቀባይን ማገድ ቤታ-1ንም ያወርዳል። ሴሎቹም ወደ ጤነኛ መሰል ቅርጽ ይመለሳሉ። እነዚያው ሴሎች ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ሲሆኑ ይህ ትስስር አይታይም። ያው ሴል፣ ያው ጂን፣ ያው አጋጅ። ፕላስቲክ ላይ ብቻ የሠራ ሰው «ግንኙነት የለም» ብሎ ዘግቶት ይሄድ ነበር።

ገንዘብ ከሌላችሁና ጊዜያችሁ የአንድ ማስተርስ ያህል ከሆነ አማራጭ 3ን ያዙ። አጋጆቹና አንቲቦዲዎቹ በቀላሉ ይገኛሉ፣ መለኪያው ግልጽ ነው። ግን ለብቻው ሳይሆን ከእድገት መስመር አጋጅ ጋር አጣምሩት፤ አዲስ ነገር ያለው ጥምረቱ ውስጥ ነው።

ታካሚዎች ለምን መድኃኒት እንደሚቋቋሙ የሚያሳስበው፣ የዕጢ ናሙና የሚያገኝ ሐኪም ተመራማሪ ከሆናችሁ አማራጭ 2 ይሻላችኋል። ናሙናውን በሁለት ክፈሉት፦ ማትሪክስ ላይ የተጣበቀና ያልተጣበቀ። ልዩነቱ ይነግራችኋል።

ሰፋ ያለ በጀትና ዓመታት ያለው ቡድን ብቻ ነው አማራጭ 4 ውስጥ ቢገባ የምለው። አይጦቹ ማርጀት አለባቸው፤ ኤምፊዚማው የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ወጣት አይጥ ላይ ተለክቶ የቆመ ጥናት እሱን አያየውም።

አማራጭ 1ን ጠጣር ዕጢ ላይ የሚይዝ ሰው ቢያንስ አምስት የተለያዩ መጠኖች ይሞክር፣ ከእነሱም ሁለቱ በጣም ዝቅ ያሉ ይሁኑ። በየመጠኑም ሽፋኑ ላይ ያለውን የእድገት ተቀባይ ይቁጠር። ዝቅተኛው መጠን ላይ ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ዒላማችሁ አጋር እንደሚያስፈልገው በሁለት ሳምንት ውስጥ ታውቃላችሁ።